የስምንት ሰው ውኃ

ከባለቤቴ ከሰሎሞን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ውኃ መቅዳት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከካዚኖው የሌሊት ሺፍት ገብቶ ትንሽ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ፣ አራቱን የፕላስቲክ ጋሎኖች መኪናው ውስጥ ጭነን እዚህ ላስ ቬጋስ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ወዳለው የመጠጥ ውኃ መሸጫ ሄድን። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናደርገው ነገር ስለሆነ በመንገድ ላይ ምን እንዳወራን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ድምፁን ነው። ውኃው ባዶ ጋሎን ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ አለው፣ እየሞላ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ሊፈስ ሲል ያፏጫል። ሰሎሞን ጆሮውን ወደ ጋሎኑ አዘንብሎ፣ «አባትሽ እኮ የቦቴውን ጎማ ከጀሪካን የሚያወጡት ሳያዩ ነበር፤ በድምፁ ብቻ» አለኝ። እኔም «ክዳኑን አቀብለኝ» አልኩት። ማክሰኞ ዕለት ልቡ ቆመ።

እንዲህ ነበርን። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን እሱ አባቴን ሲያነሣ እኔ ወሬ እቀይር ነበር፤ እኔ የእሱን አባት ሳነሣ ደግሞ እሱ ተነሥቶ የሚሠራው ነገር ይፈልግ ነበር። የእኔን ምክንያት አውቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለእሱ አንድ ምስጢር ነገርኩት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አባቴ ተያዘ። ለአባቱ ነግሮት ይሆን? ይህን ጥያቄ ይዤ አገባሁት፣ ይዤው ቀበርኩት።

እዚህ ያሉ የከተማችን ልጆች፣ እዚሁ ለተወለዱት ልጆቻቸው የሚሆን ስለ አሰብ ታሪክ፣ ስለ መልክዓ ምድሯና ስለ ሕዝቧ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁልን ብለውን ነበር። ሰሎሞን መልክዓ ምድሩን ጀምሮት ነበር፤ ሕዝቡ ላይ ሳይደርስ ቀረ። የቀረውን እኔ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ።

አሰብ በባሕርና በበረሃ መካከል ተጨምቃ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከፊቷ ቀይ ባሕር፣ ከጀርባዋ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ በድንጋዩ መሐል ወደ ደጋ የምትወጣ አንዲት አስፋልት፤ የጭነት መኪኖች በዚያች መንገድ ወርደው ከወደቡ ጭነው ይወጡ ነበር። ታሪኳን ሲያወሩ፣ ከአካባቢው ሱልጣኖች ላይ አንድ የጣልያን መርከብ ድርጅት ገዝቷት እንደጀመራት ይናገራሉ። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር «ሻጩም ገዢውም የውኃውን ነገር ሳይነጋገሩ ነው የተፈራረሙት» ይል ነበር። እሱ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነበርና ያውቃል።

ሕዝቧ ከየአገሩ የተጠራቀመ ነበር። አፋሮቹ የአገሩ ባለቤቶች፣ የመኖቹ ባለሱቆች፣ የቀረነው ደግሞ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከኤርትራ ደጋ ለወደቡና ለነዳጅ ማጣሪያው ሥራ የወረድን ነበርን። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ሰው ሰውን አያምንም፤ የጎረቤትህ እናትና አባት እነማን እንደሆኑ አታውቅማ። ሁሉም ሌላውን በዓይኑ ይቆጥር ነበር።

በእኛ ሰፈር ውኃ የሚታደለው በቤተሰብ ካርድ ነበር፤ ለአንድ ነፍስ አንድ ጀሪካን። በእኛ ካርድ ላይ ስምንት ስም ነበረ፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኛ አምስት ልጆችና የእናቴ ታናሽ እህት አልማዝ። አልማዝ ወደብ በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። ነፋሱ በሚቀዘቅዝበት፣ ሰው ቀን ቀን ከቤቱ በሚወጣበት በጥር ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ የለችም። እናቴ በሩን ዘግታ «ወደ ማዶ ሄዳለች፤ ይህን ከዚህ ቤት ውጭ ያወራ ልጄ አይደለም» አለችን። ማዶ ማለት የመን ነው፤ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ። ያኔ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ወንጀል ነበር፣ የረዳም አብሮ ይጠየቅ ነበር። ወሎ ሄደች እንዳንል የይለፍ ወረቀቷ የታለ ይሉናል፣ ሞተች እንዳንል መቃብሯ የታለ ይሉናል። ስለዚህ አልማዝ ካርዱ ላይ ቀረች፣ ጀሪካኗም ከእኛ ጋር መምጣቱን ቀጠለ።

ውኃ ተረፈን ብለን ደስ ይለናል ብላችሁ እንዳታስቡ። እናቴ ያንን ስምንተኛ ጀሪካን እንደ እባብ ትፈራው ነበር። እኛን ብታጥብበት ልጆቹ ጸዱ ይባላል፣ ብትደፋው መሬቱ ይመሰክራል። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘች፤ በየሳምንቱ በአልማዝ ውኃ የአልማዝን ቀሚስ አጥባ፣ ከመንገድ በሚታይ ገመድ ላይ ታሰጣው ጀመር። ማንም ያልለበሰው ሰማያዊ ቀሚስ በየሐሙሱ ይታጠባል። ለጠየቀ ሁሉ «አሟት ተኝታለች» እንል ነበር።

በመጋቢት ሙቀቱ መመለስ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከአባቴ ቦቴ ኋላ ጀሪካን ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ ሰሎሞን አጠገቤ መጣ። አንድ ክፍል ነበርን። አባቱ አቶ ወልዴ የቀበሌው ቆጣሪ ነበሩ፤ የየቤቱን ሰው የሚመዘግቡ፣ ካርዱን የሚያድሱ እሳቸው ነበሩ። እናቴ ልጃቸውን ባየች ቁጥር ድምፅዋን ትቀንስ ነበር።

«አክስትሽ አልተሻላትም?» አለኝ።

«አልተሻላትም።»

«ቀሚሷ ግን ደህና ነው።»

«ምን አገባህ?»

«እኔማ ምንም አላገባኝም። ሰው ግን ሳትሞት አልቀረችም፣ ቀብረዋት ውኃዋን ይጠጣሉ እያለ ነው።»

ይህ አናደደኝ። አልማዝን እወዳት ነበር። «አልሞተችም፤ ባሕሩን ተሻግራለች» አልኩት፣ ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሰሎሞን ባሕሩን አየ። «በዋና?»

«በጀልባ ነዋ፣ ደንቆሮ።»

ወረፋዬ ሲደርስ ጀሪካኔን አንሥቶ እስከ በራችን ተሸከመልኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ ደግነቱን ጠረጠርኩት፤ ሌቦች ሊሰርቁት ያሰቡትን ቤት በር እንደሚያዩ ሁሉ እሱም በራችንን ሲያይ ታየኝ።

መማሪያ መጽሐፋችን በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል ይል ነበር። በአሰብ ሐምሌ እሳት ነበር። ነፋሱ አሸዋ እየጫነ ይመጣል፣ የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፣ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ስለሚተኛ የማን አልጋ ባዶ እንደሆነ አላፊ አግዳሚው ያያል። እናቴም ያልተተኛበትን የአልማዝን አንሶላ ጠዋት ጠዋት ታመሰቃቅለው ነበር። በዚያ ወር ነው ቆጠራ የመጣው። ቤት ለቤት፣ ሰው በአካል እየቀረበ ይቆጠራል ተባለ።

አባቴ ከካምፖ ሱዳን ሰፈር አንዲት ሴት ተበድሮ መጣ። የተለመደ ነበር፤ በከተማችን ሰው ጨው እንደሚበደር ሁሉ ለቆጠራ ሰው ይበደር ነበር፣ ማንም ግን ለማን እንዳበደረ አያወራም። ዘነበች ትባላለች፣ ለወደብ ሠራተኞች ወጥ ትሠራ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ። ሦስት ቀን አስጠናችን።

«እኔ ማነኝ?» ትለናለች።

«አክስቴ አልማዝ።»

«እናንተ ልጆች፣ እትዬ ዘነበች ያለኝን ልጅ ዓሣ አድርጌ ነው የምጠብሰው።»

በቆጠራው ቀን፣ በቀትር፣ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋ የአልማዝ አልጋ ላይ ተጋደመች። አቶ ወልዴ መዝገብና ጠመኔ ይዘው ገቡ፣ ሰባታችንን በስም ጠርተው ጻፉ፣ ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ስምሽ?»

«አልማዝ።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ ሁለት።»

አቶ ወልዴ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የእናቴ ጣቶች ትከሻዬ ላይ ሲጠብቁ ይታወቀኛል። «አሰብ ሰው ታስረጃለች» አሉ።

«ሙቀቱ ነው፣ ጋሼ።»

«ሙቀቱ ነው» ብለው ጻፉ። ሲወጡ በራችን ላይ በጠመኔ ስምንት ቁጥር ጻፉ።

ዘነበች ተነሥታ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ አባቴ ግን አልሳቀም። «ወልዴ ለምን ዝም አለ?» አለ። እናቴ «ዝም ያለ ሰው ነገ የሚናገረው አለው» ብላ መለሰችለት። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች መጥተው አባቴን ከቦቴው ላይ አውርደው ወሰዱት። ዘጠኝ ቀን ቆየ። እናቴ ዘጠኙንም ቀን ስንቅ እያመላለሰች፣ ከመንደሩ ማን ቀድሞ ሰላምታ እንደነፈጋት ትመዘግብ ነበር፤ የጠቆመን ያም ይሆናል፣ ያችም ትሆናለች ትል ነበር። እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቄ ነበር። ሰሎሞን ሰፈር ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

አባቴ ሲመለስ ከሥራው ተነሥቶ ነበር። ወር ሳይሞላ በጭነት መኪና ደሴ ወጣን፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ያወቅሁት እዚያ ነው። ጥቅምት ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር እኛ የባሕር ልጆች ጨው መስሎን እንቀምሰው ነበር። አባቴ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘ። ምን ሆነህ ነበር ሲባል «ጠየቁኝ፣ መለስኩ» ብቻ ይል ነበር፤ እኔም ምን ብለህ መለስክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ልጅ አባቱን አይጠረጥርም።

ከዓመታት በኋላ ሰሎሞንን ያገኘሁት እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው፣ ሁለታችንም እንግዶች ሆነን አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ ስንጀምር። ስሜን ከነአባቴ ስም አንብቦ ቀና አለና «የውኃው ልጅ» አለኝ። ባገር ልጅነት ጀምረን ተጋባን። ጥሩ ባል ነበር። እኔ ግን ከባንክ የሚመጣውን ደብዳቤ ሳይቀር ከእሱ በፊት እከፍት ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲያወራ የእኔን ነገር ያወራ እንደሆነ ጆሮዬን እጥል ነበር። አንድ ጊዜ ኪሱን ስፈትሽ ደርሶብኝ «ሒሩቴ፣ ምን ይሆን የምትፈልጊው?» ብሎኝ ነበር። «ቁልፌን ነው» አልኩት።

ለቅሶው ሲበተን ታላቅ እህቱ እትዬ ሙሉ ከእኔ ጋር ቀሩ፤ ከዳላስ ነው የመጡት። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ባለው አፓርታማችን ሰሎሞን የጀመረውን ጽሑፍ አንብበው ጨረሱና፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሕዝቡን አልጻፈም» አሉ።

«አልደረሰበትም፣ እትዬ።»

«መድረስስ ይደርስበት ነበር። አባባ የታሰረው በዚያ ቆጠራ አይደል እንዴ? ምን ብሎ ይጻፈው።»

አቶ ወልዴ መታሰራቸውን ሰምቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ያሾፍኩባቸው መስሏቸው አተኩረው አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«አልነገረሽም? ሃያ ስድስት ዓመት?»

«ምኑን?»

«ያኔ መጋቢት ላይ ከውኃ ወረፋው መጣና አባባን "በባሕር የሄደ ሰው ይቆጠራል?" ብሎ ጠየቀው። አባባም ማን እንደሆነ ገባው። "ልብሱ ገመድ ላይ ካለ ይቆጠራል" አለው። አውቆ ነው ስምንት ብሎ የጻፈላችሁ።»

«አባቴን ታዲያ ማን ጠቆመው?»

«እሱንማ ማን ያውቃል፤ ያንን ቀሚስ ያላየ የሰፈር ሰው አልነበረም።» ቀጥለውም፣ «አባትሽ በተያዙ በስምንተኛው ቀን አባባን ከቤት ወሰዱት። በዘጠነኛው አባትሽ ተፈቱ። አባባ ሰባት ወር ታሰረ፤ ሲወጣ ጤናውም ሥራውም አልነበረም። እኛ ቤት ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ልታገባት ነው ወይ ብዬ ስቆጣ "እሷ አባቷን ትወዳለች፤ ይህን ነገር በእሷ ፊት እንዳታነሡብኝ" አለ» አሉኝ።

አባቴን ጠይቀውት የአቶ ወልዴን ስም መለሰ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን እንዳደረጉት አላውቅም፣ ልፈርድበትም አልችልም፤ ቤት አምስት ልጅ ትቶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘመን ሌባውን ስጠብቅ የተሰረቀው እነሱ ቤት ነበር። ሰሎሞን ምስጢሬን ለአባቱ መንገሩ እውነት ነው፤ ያዳነንም እሱ ነው። አባቴን አንድ ቀንም በክፉ አላነሣውም፤ ወሬውን የሚቀይረው እኔን ለማትረፍ ነበር፣ እኔ የምቀይረው ግን እሱን ላለማመን።

ያኔ በከተማችን እያንዳንዱ በር ላይ ቁጥር ተጽፎ ነበር፣ ከቁጥሩ ጀርባ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። እዚህ ከግድግዳዬ ማዶ ስንት ሰው እንደሚኖር አላውቅም፤ እነሱም ከእኔ ዘንድ አንድ ሰው መጉደሉን አላወቁም። ማንም የማይቆጥርበት አገር መጥቼ ባሌን ስቆጥር ኖርኩ።

ስለ ሕዝቡ የሚናገረውን ክፍል ጀምሬዋለሁ። በእኛ ቤት ሰባት ሰው ይኖር እንደነበር፣ አቶ ወልዴ እያወቁ ስምንት ብለው እንደጻፉ፣ አባቴም ስማቸውን እንደሰጠ ጽፌአለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ለእትዬ ሙሉ በስልክ አነብላቸዋለሁ።