የአዳራሹ ቁልፍ

ሰበታ ውስጥ ያደግሁበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ለመንገድ ማስፋፊያ እንደሚፈርስ ሲታወቅ ነዋሪዎቹ ለመታሰቢያ መጽሔት ታሪኩን እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ነው። እኔ የተስማማሁት ግን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ስል ነበር።

በሕንፃው ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጡት ከታች ባለው አዳራሽ ነው። አባቴ ሲሞት አዳራሹ ተቆለፈብን። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር «ቁልፉ ጠፍቷል» አሉ። ለቀስተኛው ሦስት ቀን በክረምት ዝናብ የውጭው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት እናቴ፣ ሊቀመንበሩ የጋራውን ልብስ ማጠቢያ የግል መጋዘን አድርገዋል ብላ ለቀበሌ አመልክታባቸው ነበር።

«አልጠፋም፤ ኪሱ ውስጥ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ።

እኔ አምናታለሁ። ግን በአንድ ምንጭ አልጽፍም፤ ምንጩ እናቴ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ።

ሌላውን ሁሉ አጣርቼ ጻፍኩ፤ ሕንፃው ለፋብሪካ ሠራተኞች መሠራቱን፣ ድንጋዩ ከቡራዩ መምጣቱን፣ ሦስተኛው ፎቅ ለዓመታት ውሃ እንዳልነበረው። ስለ አዳራሹ «ሊቀመንበሩ ቁልፉን በመጣላቸው ለአንድ ለቅሶ ሳይከፈት ቀርቷል» አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ፣ ከመታተሙ በፊት ለባለጉዳዩ ለሊቀመንበሩ ላነብላቸው ሄድኩ። የት ጋ እንደሚቆረቁራቸው አውቅ ነበር።

«ጣሉ? እኔ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «በእኔ እጅ አንዲት ሚስማር ጠፍታ አታውቅም!»

«ታዲያ የት ነበር፣ ኦቦ?»

«ኪሴ ነዋ! እናትህ አፏን እንድትሰበስብ ብዬ ነው።»

«እንዲህ ብዬ ላርመው?»

«አርመው! ዝርክርክ ነበር ከምባል!»

አረምኩት። አነበብኩላቸው። ፈረሙ።

መጽሔቱ የታደለው በዚያው አዳራሽ ነው። ደረጃው ላይ ዝናብ ከመታቸው ጎረቤቶች አንዷ ገጹን እንዳነበቡ ቀና አሉ።

«ኦቦ፣ ዛሬስ ቁልፉን የት አደረጉት?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ መጡ።

«አዋረድከኝ።»

«የተሳሳተ ቃል ካለ ያሳዩኝ።»

ገጹን አገላበጡት። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ ውጭ ግን ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ደረጃው ላይ ቆሙ፤ ቆይተው ተቀመጡ።

እናቴ በመስኮት አየቻቸው። መጽሔቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማንም ይግቡ አላላቸውም። እኔም አላልኩም።