በየቀትሩ የሚጮኸው የእሳት ደወል

ጂቡቲ ወደብ ላይ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ፈረንሳዊው አለቃዬ ሙሴ ብሪሶ መጋዘኑን ዙሪያውን አስጎበኙኝ። ቆዳው፣ ቡናው፣ ጥጡ፣ ሰሙ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዚያ በግድግዳው የተደረደሩትን ቀይ ባልዲዎች፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ የሚገፋውን የእጅ ፓምፕና የሸራውን ቱቦ አሳዩኝና፣ ገብሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእነዚህ ሐኪም አንተ ነህ አሉኝ። በሽተኞቹን አየኋቸው። ባልዲዎቹ ባዶ ናቸው፤ የፓምፑ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቱቦውን አይጥ በልቶታል። የሚያስፈልጋቸው ቄስ እንጂ ሐኪም አልነበረም።

ሥራውን ያስገኙልኝ የመጋዘኑ ዘበኛ ጋሽ ድንቁ ናቸው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ለሥራ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ ጢማቸው የሸበተ የመንዝ ሰው ነበሩ። ባቡር ጣቢያው ላይ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሲያገኙኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ወዳለችው የሣንቃ ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱና አንዱን ጥግ ለቀቁልኝ። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ አባት ምን እንደሆነ ያወቅኩት በእሳቸው ነው።

ፓምፑን ማዳን ቀላል ነበር። አዲስ ቆዳ ቆርጬ፣ ሞራ አጠጥቼ፣ በቦታው አሰርኩት። ቱቦውን በተበላበት በተበላበት ቆርጬ በነሐስ ማያያዣ ቀጠልኩት። ርዝመቱ ቢያጥርም ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ አልጎዳንም። የተቸገርኩት በባልዲዎቹ ነው።

ጂቡቲ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ካለው ከአምቡሊ ጉድጓድ በግመል ተጭኖ ይመጣል። እንዲህ ባለ ከተማ ባልዲ ሙሉ ጣፋጭ ውሃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እሳት እስኪነሳ አትንኩ ማለት የተራበ ሰው ዳቦ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መሄድ ነው። ጠዋት እሞላለሁ፤ ከሰዓት ባዶ ነው። አንዱ ለሶላት ታጥቦበታል፣ አንዱ ጠጥቶታል፣ ሌላው ፍየሉን አጠጥቶበታል። ሲያዩኝ ደግሞ ማፈር ቀርቶ ያመሰግኑኛል።

የባሕር ውሃ ብሞላበት ጨው ብረቱን በልቶ የባልዲው መቀመጫ ወደቀ። አሸዋ ብሞላበት የወደቡ ድመቶች ሁሉ ተጸዳዱበት። ነገሬ ሁሉ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በመጨረሻ ውስጡ ሬንጅ የተቀባ፣ ታችኛው ጫፉ የሾለ ባልዲ ከፈረንሳይ አስመጣን። የባሕር ውሃ አይበላውም፤ ጫፉ ስለሾለ ደግሞ መሬት ላይ አይቆምም። መሬት ላይ የማይቆም ባልዲ ለማንም ቤት አይጠቅምም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ይገኛል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ዕቃዎች እንደ እሱ የማከብረው የለም።

የነሐስ እሳት ማጥፊያዎችም ነበሩን። ውስጡ የሶዳ ውሃ ነው፤ አናቱ ላይ የአሲድ ጠርሙስ አለ፤ ሲገለበጥ ሁለቱ ይቀላቀሉና ውሃው በኃይል ይፈናጠራል። የሙሴ ብሪሶ ባለቤት የነሐሱ ማብረቅረቅ ስለማረካቸው አንዱን ሳሎናቸው አስቀመጡት። ሠራተኛቸው ታቹን ልትወለውል ገልብጣው ለምሳ የተጠሩትን እንግዶች አጥባ ላከቻቸው። ተጠርቼ ሄድኩና መርምሬ ዕቃው ምንም እንከን የለበትም አልኩ። እመቤቲቱ ግን በዚህ አልተጽናኑም።

ደወሉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጣሪያው ሥር የምትሰቀል፣ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራች ቀጭን ዝርግ ነበረችው። ሙቀት ሲበዛባት ትጎብጣለች፤ ስትጎብጥ የአንዲት ብሎን ጫፍ ትነካለች፤ ስትነካ ኤሌክትሪኩ ያልፍና በሩ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። ብሎኗ ፋብሪካው ውስጥ ተለክታ በእርሳስ ታሽጋለች። የለካት ሰው ፈረንሳይ አገር ነው ያለው፤ ሰኔን ጂቡቲ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር አሳልፎ አያውቅም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን ቀትር ላይ ጮኸ። ፓምፑን ጎትተን፣ ቱቦውን ዘርግተን ገባን፤ ጭስ የለም። በማግስቱም ቀትር ላይ ጮኸ። ሙሴ ብሪሶ ደወሉ ከታወቀ ቤት የተገዛ ስለሆነ አይዋሽም አሉና የተደበቀውን እሳት እንድንፈልግ አዘዙ። ቆዳውን አንድ በአንድ ገለበጥን፤ ከእኛ በቀር የሚቃጠል ነገር አላገኘንም። ብሎኗን ትንሽ ላላላት ብዬ ጠየቅኳቸው። የፋብሪካውን ማኅተም የነካ ከሥራው ይባረራል አሉኝ።

የደወሉ ጥቅም ከእኛ ቀድሞ የገባቸው ኩሊዎቹ ናቸው። ካቦአቸው ዑመር የሚባል ሶማሌ ነበር፤ ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ስለሠራ አማርኛው ከእኔ አያንስም። በፊት ዕረፍት የሚፈቀደው ሙሴ ብሪሶ ደስ ሲላቸው ነበር፤ መርከብ ካለ ደግሞ ደስ አይላቸውም። በዚያ ሐሩር ሰው ከነሸክሙ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ግን ደወሉ ሲጮኽ ዑመር እጁን ያነሳል፤ ኩሊው ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ጥላው ሥር ሰሌኑን ያነጥፋል። ሙሴ ብሪሶ ተቆጡ። ዑመርም በትሕትና፣ የእሳት ደወል ሲደወል ሥራ ይቆማል የሚለው የኩባንያው ትእዛዝ እንደሆነ አስታወሳቸው። ትእዛዙ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የፈረሙበትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። የሙሴ ብሪሶ ወጥ ቤት ምሳውን በደወሉ ማውጣት ጀመረ። ጎረቤት ያሉት የመናውያን ሱቃቸውን በደወሉ ዘጉ። ሙሴ ብሪሶ ራሳቸው ደወሉ ሲጮኽ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ አልጋቸው ይሄዳሉ። ጋሽ ድንቁም በሩ አጠገብ ካለው ዱካቸው ይነሱና መጋዘኑ ውስጥ፣ ከቆዳው ክምር ኋላ፣ ቀዝቃዛው የድንጋይ ወለል ላይ ጋደም ይላሉ። ሌላው ሰው ደወሉ ሲጮኽ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ግን ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቀን ደፍሬ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ይህ ደወል ሲጮኽ ወደ ውስጥ አይግቡ። አንድ ቀን የእውነቱን ይሆናል።»

«እስከ ዛሬ መቼ ዋሽቶኝ ያውቃል?» አሉኝ። «ይጮኻል፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ።»

በዚህ መሃል የመድን መርማሪ ከውጭ አገር መጣ። ቀትር ላይ ከሙሴ ብሪሶ ጋር ቢሮ ተቀምጦ ሳለ ደወሉ ጮኸ። መርማሪው ወንበሩን ገልብጦ ወደ ግቢው ሮጠ። እዚያ ያገኘው ሰው ሁሉ ተጋድሟል፤ ሙሴ ብሪሶ ደግሞ ባርኔጣቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከኋላው ይመጣሉ። ሰውዬው በተጋደሙት መሃል እየተራመደ ጭስ ፈለገ። ከዚያ ማኅተሙ እንዲቆረጥና ብሎኗ ለአገሩ ሙቀት እንድትስተካከል አዘዘ። የእሳት ዕቃውም ሁሉ አዲስ ቀይ ቀለም እንዲቀባ ጨመረበት።

ብሎኗን በካቻቢቴ አላላኋት፤ ሥሯ ኩራዝ ይዤ፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር ሰቅዬ፣ ደወሉ የሚጮኸው ከቀትሩ ሙቀት ብዙ ሲያልፍ ብቻ እስኪሆን ድረስ ደጋግሜ ሞከርኳት። ከዚያ ወዲያ ቀትር መጣ፣ ቀትር ሄደ፤ ደወሉ ዝም አለ። በዘመኔ ዕቃ ጤናውን ሲያገኝ ታመመ ተብሎ አቤት የተባለብኝ ያኔ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱ ምሳው አረረበት። የመናውያኑ ሰው ላኩብኝ። ሙሴ ብሪሶ እንኳ ለብቻዬ ጠርተው፣ መርማሪው ከሄደ ወዲህ ወደ ቀድሞው መመለስ ይከብዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው ብዬ ብምል ብገዘት የሚያምነኝ ጠፋ። ዑመር ለሰዎቹ፣ ገብሬ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነው ብሎ አጽናናቸው።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰዎቹ ደወሉን የሚጠብቁት ለዕረፍት ነው፤ እሱ ደግሞ ከእንግዲህ የሚጮኸው ለእሳት ብቻ ነው። በጮኸ ቀን ጋሽ ድንቁ የት እንደሚገቡ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁራጭ ሐዲድ በሽቦ ግቢው ውስጥ ሰቀልኩና መዶሻ አንጠልጥዬ፣ የዕረፍት ደወላችሁ ይኸውላችሁ አልኳቸው። ዑመር ሐዲዱን ዞሮ አየው።

«ማን ነው የሚመታው?» አለኝ።

«ሙሴ ሲያዙ ዘበኛው ይመታዋል።»

«እንግዲያ ይኼ የሙሴው ነው» አለ። «ያንን የምታዘው ግን ፀሐይ ነበረች። ፀሐይ መርከብ ገባ ብላ ቀትርን አታዘገይም። አንተ ደወላችንን ጠግንልን።»

ወደ ሙሴ ብሪሶ ሄጄ መዶሻውን ለዑመር እንዲሰጡት ለመንኩ። ዕረፍትን የሚያውጅ ካቦ በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም ብለው አሰናበቱኝ። ሁለተኛም ሄድኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ገና ነፋሱ ሳይሞቅ፣ ባሕሩ ዳር የፓምፑን ቆዳ ሞራ ሳጠጣ ደወሉ ጮኸ። ብሎኗን የለካሁት እኔ ስለሆንኩ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። ግቢው ስደርስ ሸክም እየወረደ፣ ሰሌን እየተነጠፈ ነው። የሙሴ ብሪሶ የመኝታ ቤት መስኮት ሲዘጋ አየሁ። ዑመር በፈገግታ እጁን አነሳልኝ።

«ገብሬ፣ ጠገንከው አይደል? እጅህ ይባረክ» አለኝ። «ዛሬማ ቀደም አድርጎ አዘነልን።»

ዓይኔ የሄደው ወደ በሩ ነው። የጋሽ ድንቁ ዱካ ባዶ ነበር።

ውስጥ ጭሱ ከጣሪያው ወርዶ ትከሻ ላይ ደርሷል። በእጅና በጉልበቴ እየዳህኩ ከቆዳው ክምር ኋላ ስደርስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ተኝተዋል። የሞቱ መሰለኝ። እግራቸውን ይዤ ስጎትት ነቁ።

«ተወኝ እንጂ ልጄ» አሉ። «ተደውሏል እኮ።»

እያሳሉ፣ እየተቆጡኝ፣ በብብታቸው ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው። ከኋላችን ጭሱ በበሩ ሲወጣ ዑመር አየው። ከዚያ ወዲያ ለማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ኩሊዎቹ ፓምፑን እየተፈራረቁ ገፉ፤ ቱቦውን ባሕር ውስጥ ነከሩ፤ ባልዲዎቹን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አዘነቡት። ከጥጡ አንዱ ረድፍና ጥቂት ቆዳ ነደደ፤ የቀረው ዳነ። እሳቱ ከየት እንደተነሳ ስንፈልግ ከጥጡ ኋላ የተጣለ የቀለም ቀቢው ጨርቅ ቅሪት አገኘን። የእሳት ባልዲዎቹ ቀይ ቀለም የተቀቡበት፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው፤ ታፍኖ በራሱ ሙቀት ተቀጣጥሏል።

ሙሴ ብሪሶ በነጠላ ጫማ መጡና ያለ ሰዓቱ ማን እንዳስደወለ ጠየቁ። ኩሊዎቹ በእጃቸው ወደ መጋዘኑ አመለከቷቸው። በኋላ ለኩባንያው ባቀረቡት ቃል ደወሉ እንከን የሌለበት አገልግሎት ሰጥቷል አሉ። እውነታቸውን ነው። የሐዲዱን መዶሻ ግን በዚያው ሳምንት ራሳቸው አንስተው ለዑመር ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ዑመር የባንዲራውን ምሰሶ ጥላ እያየ፣ መርከብ ኖረ አልኖረ፣ ቀትር ላይ ይመታዋል።

ጋሽ ድንቁ ዳኑ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ሐዲዱ በተመታ ቁጥር ሌላው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሳቸው ዱካቸውን አንስተው ግቢው መሃል፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ጥላ ይግቡ፣ እኔ እጠብቅልዎታለሁ ብዬ ለመንኳቸው። አንተ ሂድና ተኛ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በሩን ላየው አሉኝ። ዕረፍቱ እስኪያበቃ በሩን ያያሉ። ጃንጥላ ገዝቼ አጠገባቸው ቆምኩ፤ እስኪሞቱ ድረስ ቀትራችንን ያሳለፍነው እንደዚያ ነው።

ይህን ሥራ ከእኔ በኋላ ለምትይዙት የምለው ይኸው ነው፦ ደወል ከመስቀላችሁ በፊት በዚያ ቤት የሚሠሩት ሰዎች መቼና በማን ፈቃድ እንደሚያርፉ ጠይቁ። ዕረፍት የተከለከለ ሰው ከእሳት ደወልም ቢሆን ይወስደዋል። ብሎኗን ከዚያ በኋላ ለኩ።