መርዶ ደብቀን ያከበርነው የመጽሐፍ ቀን

ክፉ ወሬ እያወቃችሁ፣ ከወሬው ባለቤት ፊት ቆማችሁ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ቅዳሜ አየር ጤና ላይ ሳቅሁ። እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ወሊሶ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ልብ ወለድ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፌ ጎሹ ስለሚባል የሚኒባስ ረዳትና ስለ እናቱ ነው። ሳላስበው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ብዙ አንባቢ አገኘ። አንባቢዎቹ በቴሌግራም ተጠራርተው ማኅበር አቋቋሙ። ሁለተኛው ክፍል ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው “የጎሹ ቀን” የሚል በዓል አዘጋጁና ጠሩኝ። ዕቅዴ እንደ ትምህርት ዕቅድ የተደረደረ ነበር፦ መሄድ፣ አንድ ምዕራፍ ማንበብ፣ መፈረም፣ መመለስ።

ከወሊሶ መነሳት

ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። መጽሐፎቹን በሁለት ካርቶን አስሬ ነበር። ረዳቱ አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

“ምንድን ነው ይሄ፣ ብረት ነው?”

“መጽሐፍ ነው።”

“እሱማ ጣራ ላይ ይውጣ። ቢወድቅም አይሰበርም።”

ተሳፋሪው ሳቀ። ለካርቶኖቹ የአንድ ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ፤ እኔም ስለ ረዳት መጽሐፍ የጻፍኩ ሰው ነኝና መከራከር አፈርኩ።

ቱሉ ቦሎን ስናልፍ የበቾ ሜዳ ተዘረጋ። መንገዱን የማያውቅ ሰው በዚህ በበጋ ወቅት ሜዳው አረንጓዴ መሆኑ ይገርመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥቁሩ መሬት ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይበቅላል። ተፍኪ ላይ ሴቶች እሸት ሽምብራ በእስር በእስር አድርገው በመስኮት አቀረቡልን። አንድ እስር ገዝቼ እየፈለፈልኩ፣ የማነበውን ምዕራፍ በልቤ ተለማመድኩ። ጎሹ የሚሞትበት ምዕራፍ ነው። እናቱ ብቻዋን ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም ስልክ ይደወላል፤ አንድ የማታውቀው ድምፅ ልጅሽ ሞቷል ይላታል። ምዕራፉን የመረጠችው የበዓሉ አዘጋጅ ሰላማዊት ናት። በስልክ ብቻ ነበር የማውቃት።

ከሰበታ በኋላ የጭነት መኪና ሰልፍ ያዘን። ካራ ቆሬ ስንደርስ ፀሐዩ ከሮ ነበር።

አየር ጤና

የማኅበሩ ጸሐፊ ብሩክ ከመኪናው በር ላይ ተቀበለኝ። አንዱን ካርቶን ተሸከመ፤ ግን ወደ አዳራሹ ሳይሆን ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ወሰደኝ።

“ቲቸር፣ ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። የሰላማዊት አባት ዛሬ ሌሊት ጎጃም አርፈዋል። እሷ አልሰማችም።”

“እናንተ እንዴት ሰማችሁ?”

“ዘመዶቿ ለጋሽ ንጉሤ ደወሉ፣ ለሰፈሯ የእድር ዳኛ። ነገ ማለዳ ሰው ሰብስበው ሊያረዷት ነው።”

“ታዲያ በዓሉን ለምን አልሰረዛችሁትም?”

“ምን ብለን? ያዘጋጀችው እሷ። ስልኳን ቪዲዮ እቀርጽበታለሁ ብዬ ቀምቻታለሁ። አባቷ ታመው ስለነበር ልደውል እያለች ነው። ያቺን ምዕራፍ ደግሞ እንዳታነብ።”

ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ለጊዜው መነጋገር አልቻልንም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ፦ ለጎረቤት ቀድሞ ይነገራል፣ ጎረቤት ሰው ይዞ በር ያንኳኳል፣ የሞተበት ሰው ብቻውን አይሰማም። መጽሐፌ ውስጥ ግን አውቄ አፈረስኩት። አዲስ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

አዳራሹ

አዳራሹ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ነው። ደረጃው ላይ ወጣቶች እንደ ጎሹ ኮፍያ አዙረው፣ ብር በጣታቸው መሐል አጥፈው “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው” እያሉ እንግዳ ያስገባሉ። ሰላማዊት ከመሐላቸው ወጥታ አቀፈችኝ።

“ቲቸር፣ በፎቶ ወፈር ትል ነበር። ደሞዙ ነው?”

“ደሞዙ ነው” አልኩና ሳቅሁ። 

ከካርቶኑ አንድ መጽሐፍ አወጣች። “መጀመሪያ ለአባቴ ፈርምልኝ። አንደኛውን ክፍል እየደጋገመ ነው ያነበበው። ለአቶ ሙሉነህ በል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ ብለህ ጨምርበት።”

 ስማቸውን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት። ገልጣ አየችው።

“ስም ብቻ? አንተ ለቃል እንዲህ ስስታም ነህ እንዴ?” ቀልድ ነበር። ወዲያው ወደ ብሩክ ዞረች። “ስልኬን አምጣ፣ ይሄን ፎቶ አንስቼ ልላክለት።”

“እየቀረጽኩ ነው፤ ካቋረጥኩ ይበላሻል” አለ ብሩክ። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

የፊት ወንበር ላይ ኮት የደረቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። “ጋሽ ንጉሤ ናቸው” አለችኝ በኩራት። “ከጋዜጣ ሌላ አይነኩም። ለእኔ ብለው ነው የመጡት።” እሳቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁልኝ።

ጥያቄና መልሱ አለፈ፤ ከሁሉ ይበልጥ ጎሹን የመሰለውም ተሸለመ። የንባቡ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደማነብ ተናገርኩ። ከኋላ “ፈራ፣ ፈራ” የሚል ድምፅ መጣ። ሰላማዊት ተነሳች።

“ቲቸር፣ ተስማምተን አልነበር? ካልሆነ እኔ አነባለሁ።”

መጽሐፉን ገለጠች። ከእጇ መንጠቅ እንዴት ይቻላል? ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ አትቸኩልም። ምስሩን አነበበች። ጠጠሩን አነበበች። ስልኩ ሲጮህ ጋሽ ንጉሤ ቆሙ።

“ይቅር፣ እዚያ ላይ ይቁም። አንተ መምህር፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ለእናት መርዶ በስልክ? ጎረቤት የላትም? እድር የላትም? ከሰማይ ነው የወረደችው?”

 ሰላማዊት ግን ለእኔ ቆመች። “ጋሼ፣ ዘመኑ ተለውጧል። እኔ ብሆን ወዲያው ብሰማ ይሻለኛል። ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ ስስቅ መዋል አልፈልግም።” ወደ እኔ ዞረች። “ልክ አይደለሁም? ንገራቸው።”

ብሩክ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ጋሽ ንጉሤ እኔን አዩ። ልክ ናት ብል ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልችልም፤ አይደለሽም ብል መዋሸት ነው። 

“ሳይነግሩ ማቆየትን በተመለከተ ልክ ነሽ” አልኩ። “የጎሹን እናት ብቻዋን ማድረጌ ግን ስህተት ነው። ደግሜ ብጽፈው አብረዋት የሚቀመጡ ሰዎች አስገባ ነበር።”

ሰላማዊት የጋሽ ንጉሤን ፊት ስታይ ቆየችና መጽሐፉን አጠፈችው።

ፊርማው ሲጀመር ጋሽ ንጉሤን ወደ ደረጃው ጠራኋቸው። “እስከ ነገ ማለዳ አናቆያት። አፏ የተናገረውን ሰምተዋል።”

“ሥርዓት አለ፣ ልጄ።”

“ሥርዓቱ ሰው እንዲኖራት አይደል? ሰዉ ዛሬ ይሰብሰብ።”

ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ። ከዚያ ሳንሱሲ ሰፈር ላለችው አክስቷ ደወሉ። “አሁኑኑ ታክሲ ያዢ” አሉ። “ነገ አይደለም።” ለእድሩ ሰዎችም ደውለው ሰላማዊት ቤት እንዲሰበሰቡ ነገሩ።

አክስቷ እስክትደርስ አዳራሹን በቀልድ፣ በፎቶ፣ እንደገና በጥያቄና መልስ ያዝነው። ሁለተኛው ካርቶን አለቀ። ለማን ምን እንደፈረምኩ አላስታውስም።

ሰላማዊት ሸኙኝ ብላ ሳይሆን እኛ እንሸኝሽ ብለን አብረን ወጣን። መንገዱ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ኮብልስቶን ነው። እሷ ስልኳን መጠየቅ ትታለች። የቤቷ በር ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ አክስቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ሰላማዊት ደፉ ላይ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

“አባቴ ነው?”

“አዎ” አልኩ። ጋሽ ንጉሤ በአንድ ክንዷ፣ አክስቷ በሌላው ያዟት። ቀጥሎ የሆነውን አልጽፍም።

መመለስ

እሁድን ከለቅሶው ዋልኩ፤ ውሃ ቀዳሁ፣ ወንበር አመላለስኩ። ሰኞ ማለዳ ከአየር ጤና ተሳፈርኩና ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ጉዞው ያስተማረኝን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፣ አልተሳካልኝም። ሳምንቱ ውስጥ ሰላማዊት ራሷ ደወለች።

“አንተ ስትመልስልኝ የጋሼን ፊት አየሁት። የዚያን ጊዜ አውቄዋለሁ” አለችኝ። “ግን ቤት እስክደርስ እንድትነግሩኝ አልፈለግኩም። መሐላችሁ ሆኜ ልሂድ ብዬ ነው።”

የታተመውን ምዕራፍ አሁን መለወጥ አልችልም። እናንተ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከባድ ወሬ የማድረስ ተራ ሲደርሳችሁ ስልኩን አስቀምጡት። ሰውየውን የሚወዱ ሁለት ሰዎች ጠርታችሁ ሳትዘገዩ፣ በዚያው ቀን፣ አብራችሁ ሂዱ። ሩቅ ከሆናችሁ መጀመሪያ ለጎረቤቱ ደውሉ። እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩት።