ያልተንኳኳችው መርፌ

ቤታችን ለብዙ ዓመታት ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ አፍንጫውን ይሸበሽባል፤ ቀጥሎ፣ “ደንዚል ዛሬም እየቀቀለ ነው?” ይለኛል። እውነትም ይቀቅል ነበር። አሁን እሱ የለምና ሽታው ከመጋረጃዎቹም ከምድር ቤቱም እየጠፋ ነው። መስኮት የምከፍተው ለአየሩ ብቻ ሆኗል።

ባለቤቴ ደንዚል ሺናቤሪ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ ወንዝ ወርደው ዓሣ ማጥመድ ያዙ፤ እሱ ምድር ቤት ወረደ። ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ፣ ከዩጎዝላቪያ፣ ወታደር ያስረከባቸው የድሮ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች በሣጥን ታሽገው ወደ አገራችን ይገቡ ነበር። ዝገት እንዳይበላቸው ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ በቡናማ ግራሶ ስለሚለወሱ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ጠመንጃ ሳይሆን ጭቃ ውስጥ የወደቀ የአጥር እንጨት ነው የሚመስሉት። ደንዚል የወደደው ይህንኑ ነበር። አንዱን ይገዛል፣ ብሎን በብሎን ይፈታል፣ ያጥባል። ሰደፉን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ በቆመው ፒካፕ ጋቢና ውስጥ ያስተኛዋል። እንጨቱ እንደ ሰው ያልበዋል። ያላበውን በአሮጌ ካናቴራ ይጠርግለትና መልሶ ያስተኛዋል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በመዳፉ እያሸ የተልባ ዘይት። ለአንድ ሰደፍ ሳምንታት ይወስድበታል። በመጨረሻው ላይ የእንጨቱ መስመር ከውስጥ ብቅ ሲል፣ “ኦፓል፣ ነይ እስቲ እዪው!” ብሎ ይጠራኛል። ሄጄ አያለሁ። ቆንጆ ነበር።

አንድም ቀን ሸጦ አያውቅም። እጁ ረጅም ለሆነ ጓደኛው ሰደፉን በቼሪ እንጨት ይቀጥልለታል፤ ትከሻው ለሚያመው ከኋላው ወፍራም ጎማ ያደርግለታል። ለልጃችን ለዳርላ የሠራው ከሁሉም የበለጠ ነበር። ዳርላ እጇ እንደ እኔ አጭር ስለሆነ ሰደፉን አሳጥሮ፣ ጉንጯ የሚያርፍበትን ቦታ በፊቷ ልክ ጠርቦ፣ ብረቱን ደግሞ የሌሊት ሰማይ እስኪመስል ድረስ አጥቁሮ ነው የሰጣት።

የዚህ ጠመንጃ አንድ አመል አለው። ጥይቱን አስገብቶ ከሚዘጋው ብረት፣ ከመቀርቀሪያው፣ ውስጥ የጥይቱን ቂጥ የምትመታ ቀጭን መርፌ አለች። ይህቺ መርፌ የሚይዛት ነገር የለም፤ ልቅ ሆና ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለባት። የድሮ ግራሶ ከያዛት ወደፊት እንደወጣች ትቀራለች። ያኔ ጥይት ሲጎርስና መቀርቀሪያው ሲዘጋ፣ ቃታ ሳይነካ ጠመንጃው ራሱ ይተኩሳል። ግራሶው ሙቀት ላይ ለስላሳ ስለሆነ ችግሩ አይታወቅም፤ ብርድ ሲመታው ነው እንደ ሙጫ የሚይዘው። ስለዚህ ደንዚል መቀርቀሪያውን በአሮጌ ድስቴ ይቀቅለዋል። ሲደርቅ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቀዋል። መርፌዋ ቀጭ ቀጭ ካለች ነጻ ናት ማለት ነው። ዝም ካለች እንደገና ድስት ውስጥ ትገባለች። አንዳንዱ አንዴ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ሦስት ጊዜም አይበቃውም።

የአጋዘን አደን የሚከፈተው ኅዳር ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። የዚያን ሰኞ ማለዳ ብርዱ መስኮቱን ነጭ አድርጎት ነበር። ቁርስ ደረሰ ብዬ ልጠራው ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ደንዚል ጉልበቱ ስላስቸገረው አደን መውጣት ትቷል። ከዳርላ ጠመንጃ ጋር በአንድ ሣጥን የመጣ የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ይዞ ይነቀንቃል።

“ስሚያት” አለኝ ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ። “እንዴት ደስ ትላለች!”

“ማን ናት?”

“መርፌዋ ናታ! ቀጭ ቀጭ ስትል አትሰሚም?”

“ምንም የሚል ነገር የለም።”

“ቴሌቪዥኑን ዝጊውና ስሚ።”

“ቴሌቪዥን አልከፈትኩም፣ ደንዚል።”

ሳቀ። “እንግዲያው አርጅተሻል” አለኝ። መልሶ ነቀነቀው። አዳመጥኩ፤ የእሱ እጅጌ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው የሰማሁት። ከመደርደሪያው ሌላ መቀርቀሪያ አንስቼ ነቀነቅኩት። ይኼኛው ቀጭ ቀጭ አለ፣ ሳንቲም ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ።

“ይኼ ይላል” አልኩት። “ያንተኛው ምንም አይልም።”

ሁለቱንም ተቀበለኝ። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጆሮው አጠገብ ይዞ ነቀነቀ። ደግሞ ቀያየራቸው። ጣቶቹ ከመጋዙ ንዝረት የተነሣ ስሜታቸውን ካጡ ቆይተዋል፤ በእጁም አይለየው።

“ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው” አለ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። “ሁለቱም ቀጭ ይላሉ። በደንብ እየሰማኋቸው ነው።”

ከዚያ ፊቱ ሲገረጣ አየሁት።

“የዳርላን አንዴ ብቻ ነው የቀቀልኩት” አለ። “ነቀነቅኩት፣ ሰማሁ፣ ገጠምኩት።”

“ሞክረኸው የለ?”

“በመስከረም ነዋ፣ በሙቀቱ! በካናቴራ ወጥቼ!”

ዳርላ የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ተራራው እንደምትሄድ፣ ጠመንጃውን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ምሳ በኋላ ስትወስድ ነግራናለች። ወደ ስልኩ ሮጥኩ። ያነሳችው ሴት፣ “ውይ፣ አሁን ወጣች እኮ!” አለችኝ። “እዚሁ ልብሷን ለውጣ፣ ‘ዛሬ ትልቁን ይዤ እመጣለሁ’ እያለች ነው የሄደችው።” በእኛ ወረዳ ሞባይል አይሠራም፤ የከዋክብትን ሞገድ የሚያዳምጠው ትልቁ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሰሃን እንዳይረበሽ ተብሎ የተከለከለ ነው። ሌላ የሚደወልበት ቦታ አልነበረም።

ፒካፑ ውስጥ ስንገባ ነው የቤት ጫማ እንዳደረገ ያየሁት። አልተመለስንም። መንገዱ በረዶ ነበር። ደንዚል በሁለት እጁ መሪውን ጨምቆ አንገቱን ወደፊት አስግጎ ይነዳል። እኔ የማስበው ዳርላ ጠመንጃዋን የት እንደምታጎርስ ነበር። ቆማ? ተቀምጣ? አፈሙዙ እግሯ ላይ ይሆን? ዛፉ ላይ የተሠራውን የማድቢያ መቀመጫ እየወጣች ይሆን?

ድሮ ግንድ ያጓጉዝ ከነበረው ባቡር ሐዲድ ግርጌ፣ ሰው መኪናውን በሚያቆምበት ሜዳ ላይ መኪናዋ ቆሟል። ደንዚል ወርዶ በመዳፉ ሞተሩ ላይ ያለውን ክዳን ነካ።

“ገና ትኩስ ነው” አለ።

ከጎኑ የጎረቤታችን የኦኪ መኪና አለ። ኦኪ ከኋላ ጭነት ማድረጊያው ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦ ይበላል። የመጀመሪያውን አጋዘን ገድሎ ጨርሷል፤ አጠገቡ ተጋድሟል።

“አንተ ደንዚል! ኦፓል አባረረችህ እንዴ?” አለ የቤት ጫማውን እያየ። “አጋዘኖቹ እኮ ሳቅ ይገድላቸዋል፤ ጥይት አያስፈልግህም!”

“ዳርላ የት አለች?” አልኩት እኔ።

“ወጣች፣ አሁን። ቡና እንኳ አልጠጣም ብላ። ምነው?”

“ጠመንጃው ራሱ ሊተኩስ ይችላል። መርፌዋን ግራሶ ይዟታል።”

ኦኪ ዳቦውን አስቀመጠ። ብርቱካንማ ሰደርያውን ከላዩ አውልቆ እኔን አለበሰኝ፤ ኮፍያውን ደንዚል ራስ ላይ አደረገ። አዳኝ በሞላበት ተራራ በስህተት እንዳይመታ ያለ ብርቱካንማ የሚወጣ የለም። “እናንተ ውጡ” አለ። “እኔ እንድትመለስ ከዚህ ጡሩምባ እነፋለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ይረግመኝ!” መኪናው ውስጥ ገብቶ ጡሩምባውን ተጫነው።

በባቡሩ መንገድ ወጣን። ጡሩምባው ከታች ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ደንዚል አይሰማውም። ሦስት እርምጃ በሄደ ቁጥር ዞሮ ፊቴን ያየኛል።

“የሚተኩስ ሰው አለ?”

“ሩቅ ነው። ከወንዙ ማዶ።”

እውነቴን ነበር። ማዶ ለማዶ አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው ይመልሳል፤ የመክፈቻ ቀን እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ሲጮህ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ እለካለሁ። ይኼ ሩቅ ነው። ይኼም ሩቅ ነው። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። አንደኛው የቤት ጫማ ወልቆ ቀረበት፤ ላነሳለት ስል፣ “ተዪው!” ብሎ ጮኸብኝ። በካልሲ ወጣ።

ከዚያ አንድ ተኩስ ከራሳችን በላይ ጮኸ። አንድ ብቻ። ከማዶ አይደለም። የዳርላ መቀመጫ ካለበት ከዚያው ነው። ቅርንጫፎቹ ላይ የነበረው በረዶ ረገፈ።

ቆምኩ።

ደንዚል ዞረ። “ምን ሆንሽ?”

“እግሬ አዳለጠኝ” አልኩት።

“በይ ያዢኝ” ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። ወጣን። “ዳርላ!” እያልኩ እጣራለሁ፤ እሱም፣ “ዳርላ!” ይላል፤ የድምፁን መጠን ስለማያውቀው ዛፉ ሁሉ ይመልስለታል። የሚመልስ ሰው ግን የለም። ያቺ ዳገት ያን ቀን የነበራትን ርዝመት ሌላ ጊዜ አይቼባት አላውቅም። ጸሎት ልጀምር ብዬ መጀመሪያው ጠፋኝ።

ሐዲዱ ከሚጠመዘዝበት ቦታ ዳርላ ብቅ አለች። በእግሯ ትሄዳለች። ጠመንጃውን እንደ እባብ ከሰውነቷ አርቃ፣ መቀርቀሪያውን ከፍታ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት ይዛዋለች። ግማሽ ፊቷ ጭቃ ነው።

“አባዬ! ምን ዓይነት ነገር ነው የሰጠኸኝ!” አለች። “መቀርቀሪያውን ለቀቅኩት፣ በቃ! ቃታውን አልነካሁም። ጣቴ እዚህ ነበር፣ እዚህ! ወደ ዳገቱ አዙሬው ባይሆን ኖሮ... አፈሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አባዬ፣ አልነካሁትም እኮ!”

ፈጥና እያለቀሰች ነው የምትናገረው። ደንዚል አፏን አፏን ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ምን ትላለች?”

አጠገቡ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ፊቱ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት። “ራሱ ተኩሷል። አልተጎዳችም።”

በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ወድቆ አይደለም፤ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጠው። ዳርላ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፋ አጠገቡ ተንበረከከች። እሱ በእጅጌው ጭቃውን ከጉንጯ፣ ከቅንድቧ፣ ከጆሮዋ ጠረገላት። ከጭቃው ሥር ሌላ ነገር እንዳለ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

“አልሰማኋትም” አላት። “መርፌዋን። የሰማሁ መስሎኝ ነበር።”

“ጆሮህ እንደማይሰማ እኮ መላው ወረዳ ያውቃል፣ አባዬ!”

“እኔ አላውቅም ነበር” አለ።

ጡሩምባው ከታች ይጮኻል።

“ያ ማነው ደግሞ፣ ያ ጅል?” አለች ዳርላ አፍንጫዋን እየጠረገች።

“ኦኪ ነው” አልኳት። “ላንቺ ነው የሚነፋው።”

“ለእኔ? እኔማ ስሰድበው ነበር! አጋዘኔን አባረረብኝ ብዬ ተናድጄ ነው ቸኩዬ ያጎረስኩት።”

እየሳቀች አለቀሰች። ደንዚል ምን እንደሚያስቃት አልጠየቀም። ዳርላ አንዱን ወፍራም ጓንቷን አውልቃ እግሩ ላይ እንደ ካልሲ አጠለቀችለት፤ የጓንቱ አውራ ጣት አለቦታው ቆሞ። ደግፈነው ወረድን።

ሥራውን በዚያ አልተወም። ክረምቱን ሙሉ ወደ ምድር ቤት አልወረደም፤ ከዚያ ወረደ። የመስሚያ መሣሪያም አስገጠመ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ መቀርቀሪያን በጆሮ ፈትኖ አያውቅም፤ ሁሉንም ፈትቶ፣ መርፌዋን አውጥቶ፣ ቀዳዳዋን በመብራት አይቶ ነበር የሚገጥመው። የዳርላን ጠመንጃ አጽድቶ ቢመልስላትም ለብዙ ጊዜ አልነካችውም። አላባበላትም፤ የራሷ ጉዳይ ነው አለ።

ያን ቀን ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ። ዳርላ በመኪናዋ ከኋላችን ትከተላለች። ደንዚል እግሩን ወደ ማሞቂያው ዘርግቶ ተቀምጧል። ድልድዩን ስንሻገር ወደ እኔ ዞረ።

“ዳገቱ ላይ፣ አዳለጠኝ ያልሽኝ ጊዜ” አለ። “ተኩሱን ሰምተሽ ነበር?”

አፌን እንዲያይ ዞርኩለት። “አዎ።”

“ከዚያ እስክናያት ድረስ ብቻሽን ነበርሻ” አለኝ።

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ቤት እስክንደርስ ድረስ አላነሳውም።