ሾላው ሥር የቀረው ጨዋታ

ልጅ ሳለሁ፣ አንኮበር ላይ፣ ከዘመድ ሁሉ አብልጬ የምናፍቀው በቅሎውን እየነዳ ከአልዩ አምባ ሽቅብ የሚመጣውን አያ ሰይድን ነበር። በገበያችን ዋዜማ ብርቱካንና ማሽላ ጭኖ ይወጣና እኛ ቤት ያርፋል፤ ሸጦ ሲጨርስ ደግሞ ባቄላና ገብስ ጭኖ ወደ አገሩ ይወርዳል። ሥጋችን ያልነካው የራሱ ድስትና ሳህን ጓዳችን ውስጥ ለብቻው ይቀመጥለት ነበር። እናቴ እሱን ለእኛ ልጆች እንኳ አታስነካም።

ያኔ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ደጃችን ሲደርስ፣ እርጥብ የጽድ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ አያ ሰይድ እግሩን ወደ ፍሙ ዘርግቶ መንገዱን ያወራልን ጀመር ማለት ነው። ስለ ቆላ ገበያ፣ ስለ ግመል ነጂዎች፣ ስለ በቅሎው ተንኮል። ከሚያስቀው ቦታ ሳይደርስ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው፤ እኛም ምን እንደሆነ ሳናውቅ አብረን እንንከተከታለን።

ከሁሉ የምወደው ግን የሾላውን ነበር። አያ ሰይድ በልጅነቱ ቁርአን ሲቀራ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ አንዲት ጦጣ የሚጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ ነጥቃው ጫፍ ላይ ወጣች። ሰሌዳውን ትገለብጠዋለች፣ ታሸተዋለች፣ እንደ ሼሁ ራሷን እየነቀነቀች የምትቀራ ትመስላለች። እሱ ከታች ያለቅሳል። ከዚያስ? ከዚያማ የለም! «ወላሂ፣ መጨረሻው እዚያው ሾላው ሥር ተቀምጠን ካልሆነ አይነገርም» ይልና ጋቢውን ይከናነባል። በዓለም ላይ ከዚያ ዛፍ የበለጠ ላየው የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ቆላ ወርዶ በወባ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ እሷም አልወረደች፣ ከልጆቿም አንዳችን ቁልቁለቱን እንዳንጀምር አስምላናለች። ይህን አያ ሰይድም ያውቃል።

አሥር ዓመቴ ነበር። አንድ እሑድ ማለዳ እናቴ ቅዳሴ እንደሄደች፣ አያ ሰይድ በቅሎውን ሲጭን ጠጋ ብዬ «እማዬ ፈቅዳልኛለች፤ ዛሬ ካንተ ጋር ልውረድ» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። ፊቴ ላይ ያየው ደስታ ሳያታልለው አልቀረም፤ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለና ሳቀ። ኧረ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ! ብርዱን አውቃለሁና ወፍራም የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ነበር የወጣሁት። ቆላ ለመውረድ ባና! ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ላቤ ጀርባዬን ያጥበኝ ጀመር፤ አያ ሰይድ ሆዱን ይዞ ስቆ ባናዬን ከባቄላው ጆንያ ላይ ጫነልኝ። ነፋሱ ሞቀ፣ የማላውቀው ወፍ ጮኸ፣ ከዚያ አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ በዱላው ቁልቁል አመለከተኝ። ወንዙ ያብለጨልጫል። ዳሩ ላይ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጥላ። ሾላው!

ደስታው አፌን ፈታብኝ። «ቶሎ ሰምተን እንመለስ፤ እማዬ ከቅዳሴ ስትገባ ካጣችኝ ትገድለኛለች» አልኩ።

አያ ሰይድ ባለበት ቆመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አልተቆጣኝም፤ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደ ሽቅቡ አዞራት። የአልዩ አምባ ገበያ በማግስቱ ነበር፤ በቅሎዋ ያንን ሁሉ ጭነት ይዛ ዳገቱን ከወጣች በኋላ ደግሞ ለመውረድ እንደማትበቃ እኔም ገብቶኛል። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ወጣሁ። ደጃችን ስንደርስ «ግቢ ጥሩዬ፣ እናትሽን እኔ አናግራታለሁ» አለኝ። ጓዳ ገብቼ ተሸሸግሁ። አለንጋ ስጠብቅ እናቴ ምንም አላለችኝም። አያ ሰይድም ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ድርሽ አላለም። ሳህኑ አቧራ ለበሰ። በዋሸሁት ውሸት እንደተቀየመኝ አምኜ አደግሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት በሠራተኛ ሰርቪስ ስንመለስ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣችው ጓደኛዬ ሰላም ስለ አገሯ ሐይቅና አዞ ስትነግረኝ ቆየችና «አንቺስ፣ በልጅነትሽ ከሁሉ የምትወጂው ቦታ የት ነበር?» አለችኝ። አንድ ጊዜ ከሩቅ ያየሁትን ሾላ ነገርኳት። «ረግጠሽው የማታውቂውን?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ወዲያው ግን ቅዳሜ መኪና ይዘን እንደምንወርድ ወሰነች። አሁን መንገዱ መኪና ያስገባል። እኔም እንደዚያ የአሥር ዓመቷ ልጅ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ እናቴን ለማስፈቀድ ስልክ ደወልኩ።

አልዩ አምባ የሚለውን ስም ስትሰማ ድምጿ ተለወጠ። «ያ ሰይድ ያኔ ሳያስፈቅደኝ ይዞሽ የወረደበትን አገር ምን ልታዪ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ራሱ ነዋ! ልጅቱ አላጠፋችም፣ እኔ ነኝ አባብዬ የወሰድኳት አለኝ። የወንድሜን ነገር እያወቀ! ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት።»

ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ኖሯል። «እማዬ፣ እሱ አላጠፋም። ፈቅዳልኛለች ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አያ ሰይድ በሕይወት እንዳለ፣ አርጅቶ ከልጁ ሱቅ በር ላይ እየተቀመጠ እንደሚውል ገበያተኞች እንደሚነግሯት አወራችኝ። ስንት ሰዓት እንደምንነሳም ጠየቀችኝ። ማለዳ አንድ ሰዓት አልኳት።

«እንግዲያው በኔ በኩል እለፉ» አለች። «እኔም እወርዳለሁ። ይቅርታ የምለው ሰው አለኝ።»