የመራዊው መምህር ምዘና

የመምህራን ምዘናን ለማሻሻል ጥናት ስንጀምር ለእኔ መራዊ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ደረሰኝ። ባሕር ዳር ካለው የዩኒቨርሲቲያችን ግቢ፣ ከፔዳ፣ በጠዋት ተነሥቼ ሄድሁ። እዚያ አንድ አዛውንት የሒሳብ መምህር አሉ፤ ተማሪዎቹም ርዕሰ መምህሩም ዝቅተኛ ነጥብ ነው የሚሰጧቸው። «ስንጠይቃቸው ይንቁናል» ይላሉ ልጆቹ። ርዕሰ መምህሩ ክፍላቸው ገብቶ አያውቅም።

እኔ ገባሁና ከኋላ ተቀመጥሁ። ሲያስተምሩ ያምርባቸዋል፤ ከባዱን ስሌት በጤፍና በዳጉሳ እየመሰሉ ያቀሉታል። አንዲት ልጅ አጠገቤ ሆና ጠየቀች። ዝም አሉ። ደግማ ጠየቀች። ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ልጆቹ ተሳሳቁ። ንቀት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከክፍል ስንወጣ ጠጋ ብዬ፣ «መምህር፣ ጆሮዎ ደከመ እንዴ?» አልኋቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አይቼ ነው።»

«ጡረታዬ ቅርብ ነው። ሳይታወቅብኝ ልወጣ ነበር።»

«እርስዎ ካልፈቀዱ አልጽፈውም። ከፈቀዱ ግን እንዲታከሙ፣ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያም እንዲሰጥዎ እጠይቃለሁ።»

«ትዕቢተኛ ከመባል ደንቆሮ መባል ይሻላል። ጻፊው» አሉኝ።

ጻፍሁ። በጥናቱ ያቀረብነው ሐሳብ ሁለት ነበር፦ መዛኙ ክፍል ገብቶ ይይ፤ ጉድለት ካገኘም አስቀድሞ ይርዳ። የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎቹ የመጀመሪያውን ወደዱት። ሁለተኛውን «በጀት የለም» ብለው ተዉት። መስከረም ላይ መምህሩን «አይሰሙም» ብለው ከክፍል አንሥተው ቤተ መጻሕፍት አስቀመጧቸው።

ለሐኪም ባሕር ዳር ሲመጡ ጣና ዳር ተገናኘን። ደመናው ከብዶ ሐይቁን አጥቁሮታል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ጮኽሁ፤ በአካባቢው የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን።

«ቀስ በይ፣ ልጄ። ከንፈርሽን አያለሁ» አሉኝ።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አለኝ።»

«እኔ እኮ የሚረዱዎት መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ልጆቹም አሁን ናቀን አይሉም፤ ሲያዩኝ እጅ ይነሣሉ። እጅ መንሣቱ ቀርቶብኝ ክፍሌ በገባሁ።»

እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። የመራዊው መኪና እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምሁ። ካፊያው ጀምሯል። መኪናው ሲወጣ እጃቸውን አነሡልኝ፤ እኔም አነሣሁ። ከዚያ ወደ ፔዳ በእግሬ ተመለስሁ።