አራተኛዋ ተመልካች

ውሃ የተረጨበት ቴትረን ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ አለ፤ ከተቃጠለ ፀጉርና ከርጥብ አፈር መካከል የሆነ። ባለፈው ሳምንት 31 ሜይ በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር በኩል ወደ ሥራ ስሄድ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በር ወጥቶ ያዘኝ። ቆምኩ። ሥራ የማረፍድ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን አረፈድኩ፣ ምክንያቱን ሲጠይቁኝም እውነተኛውን መናገር አልቻልኩም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከወሎ ወጥቼ በጅግጅጋ በኩል ሀርጌሳ ስገባ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር በአንዲት የአገሬ ሴት ስፌት ቤት የቀሚስ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ከረፋድ ጀምሮ ይግልና እየተንቋቋ ይሰፋል፣ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እየተንቋቋ ይሰበሰባል። በምስማር ቀዳዳዎቹ የገባው ብርሃን በጨርቁ ላይ ሲሄድ እያየሁ ሰዓት እገምት ነበር፤ ምክንያቱም ስምንት ሰዓት ሲሆን መርፌዬን ሰክቼ 26 ጁን ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ትምህርት ቤቴ መሮጥ አለብኝ።

ትምህርት ቤቱ ጠዋት የሀበሻ ልጆች፣ ከሰዓት እኛ ትልልቅ ሴቶች የምንማርበት ነበር። መምህራችን የሀርጌሳ ሰው ናቸው፤ በስደት ዘመን አዲስ አበባ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከኛ የሚጠራ። ከከሰዓቱ ክፍል ወደ መደበኛው ሰባተኛ ክፍል መዛወር የምትፈልግ ሁለት ገጽ ጽፋ ታምጣ አሉ። አራት ሰዎች አብረው ያዩትን አንድ ነገር መርጠን፣ አራቱም ስለዚያ ነገር ያሉትን በየራሳቸው ቃል መጻፍ። ከዚያ ለያንዳንዱ ማንበብ። ሰውየው «የኔ ቃል ነው» ካላለ መሰረዝ። «የጨመረች አታልፍም» አሉ መምህር፤ «ያስቀረችም አታልፍም።»

ካለፍኩ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል እገባለሁ። ካላለፍኩ አንድ ዓመት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጋር ለመቀመጥ ለቆረጠች ሴት አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የዘገየ ሰው ያውቀዋል። እንደማልፍ አልተጠራጠርኩም። ተመኝቼ ሳይሆን ወስኜ ነበር።

አራት ሰዎች አብረው ያዩት ነገር በእጄ መጣልኝ። ተኳሿ፣ ያቺ ከካውያው ጋር የምትውለዋ፣ ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅግጅጋ በፍላሽ አንድ ያማርኛ ፊልም አመጣላት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስኮቱን በጥቁር ሽርጥ ሸፍነን፣ የልብስ መኪኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን አየነው።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ሞቶ የተቀበረ ልብስ ሰፊ ከመቃብር ተነስቶ ሱቁን ይከፍታል። የለካው ሰው ሁሉ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ችግሩ ሲቀበር መነጽሩ ቤት መቅረቱ ነው፤ ሜትሩን አጥርቶ አያነብም። የሚያዘጋጀው የሬሳ ከፈን ለአንዱ ይተርፋል፣ ለሌላው ያንሳል። ሟቾቹም በተራቸው እየተነሱ ሱቁ ደጃፍ ይሰለፉና አስተካክልልን ይላሉ። አንዱ ኪስ የለውም ብሎ ይቆጣል። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ከፈኗ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቷል። ምንም አትናገርም፤ እግሯን ብቻ ታሳየዋለች። የሚያስፈራው እዚያ ላይ ነበር። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ፣ ብቻቸውን ሳቁ። ድምፅ አውጥተው።

እትዬን በደንብ ልንገራችሁ። በሃምሳዎቹ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ጨርቅ ሲቆርጡ ቢስሚላህ ብለው መቀሱን አንዴ ካስገቡ አያቆሙም። ሌላም ሥራ ነበራቸው። በሼክ ኑር ከሀገሯ ርቃ የምትሞት ሴት ብዙ ናት፤ እናት የላትም፣ እህት የላትም። የሚያጥቧትና የሚከፍኗት እትዬ ነበሩ። ለአላህ ብለው ነው የሚሠሩት፤ ሰው ሲመጣ የጀመሩትን ቀሚስ እንኳ አይጨርሱም፣ ነጠላቸውን አንስተው ይወጣሉ። ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም፤ አማና ነው። እትዬ ከዚያ ሥራ ሲመለሱ እጃቸውን እንደገና ታጥበው መኪናቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛም አንጠይቅም።

ስለዚህ የሳቁት እሳቸው መሆናቸው፣ የሳቁትም ከፈን ባጠረባት ሴት ላይ መሆኑ፣ ሁላችንንም አደናገረን። ፊልሙ አለቀ። ሽርጡን አወረድን። ደብተሬን አወጣሁ።

ቁልፍ ተካይዋ የኔ እኩያ ናት፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይፈጥናል። «ይሄ ሰውዬ ሞቶ ነው እንጂ በሕይወቱ ቢሆን ማን ይቀጥረዋል?» አለች። «በጋቢ ላይ ሰው ይለካል? ከፈንስ በመኪና ይሰፋል እንዴ? ይህን ፊልም የሠራው ሰው ቀብር ደርሶ አያውቅም፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ በልቶ ነው የተመለሰው።»

ተኳሿ ፊልሙን ያየችው በጣቶቿ መሀል ነበር። መሀል ላይ ፍየል የቆርቆሮውን በር ብትገጨው ቢስሚላህ ብላ እላዬ ላይ ወጥታ ነበር። በሙት መቀለድ ሐራም ነው፣ ያየነውም ሁላችን ተውበት ማድረግ አለብን አለች። ቀጥላ ፊልሙ ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ጠየቀችኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ሦስተኛዋ በጎን በኩል ሻይ የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤታችን ነበረች። አማርኛ አትሰማም፤ ግን ከሁላችን በላይ ተደስታበታለች። በሶማሊኛ የነገረችኝን እንዲህ ገለበጥኩት፦ «ሰውየው ሞቶ እንኳ ጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባል። የኔው በሕይወቱ ከጫት ምንጣፉ አይነሳም።»

እትዬን ስጠይቃቸው «ሥራ አለ» ብለው መቀስ አነሱ። እኔም ያየሁትን ጻፍኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ መምህር ባዘዙት መሠረት ማንበብ ጀመርኩ። ቁልፍ ተካይዋ የራሷን ስትሰማ ኮራች፤ ንፍሮው ላይ እንደገና እንዳነብላት አደረገች። ተኳሿ የሁለተኛውን ክፍል ነገር አጥፊው አለችኝ፤ አልሽ አላልሽም ብላት ሳቀችና «እሺ ይቆይ፣ የኔው ነው» አለች። ጎረቤታችን ባሏ የተጻፈበት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ይህችን ታህል ነው?» አለች።

እንደሳቅን አራተኛውን አነበብኩ። «የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ከፈኗ ያጠረባት ሴት ስትመጣ፣ ሌላው ሰው ሲፈራ ብቻቸውን ሳቁ።»

ካውያው ቆመ። በሩ ላይ የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች ሴት ነበረች፤ ልብ አላልኳትም ነበር። ከሁለት ወር በፊት እህቷን ያጠቡላት እትዬ ናቸው። ሴትዮዋ እትዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ዩኒፎርሙን ይዛ ወጣች።

እትዬ አልጮሁም። «ያን ገጽ ቅደጂው» አሉ።

ቀደድኩት። ስህተቴ ምን እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ገብቶኛል። ያየሁት እውነት ነበር፤ አስተያየት ግን አልነበረም። እትዬ ምንም አላሉም። እኔ ሳቃቸውን ወስጄ በቃላቸው ቦታ አስቀመጥኩት። ከሌሎቹ ሁሉ ቃላቸውን ለቅሜ፣ ከሳቸው ያላሉትን ወሰድኩ።

በነጋታው ሌሎቹ ሳይመጡ ማልጄ ሄድኩ። እትዬ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ነበር። አፉ በሉኝ አልኳቸው። ከዚያም፣ ዛሬ ሳስበው ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀውን ድፍረት አግኝቼ፣ «እትዬ፣ ለምን እንደሳቁ ይንገሩኝ። ከዚያ ጻፊ ካሉኝ እጽፋለሁ፣ ተይ ካሉኝ እተዋለሁ» አልኩ።

ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ እጥፋት አልነበረውም። ከዚያ ነገሩኝ። ሲጨርሱ፣ መምህር ባስተማሩኝ መሠረት፣ ያሉትን መልሼ በቃሌ አልኩላቸው። አንድ ቦታ አረሙኝ። እኔ ሁለት ጣት ብዬ ነበር፤ ስንዝር ነው አሉኝ።

«አትጻፊው» አሉ በመጨረሻ። «የሟቿ ልጆች እዚሁ ሰፈር ናቸው። ሰው ሙቱን የሚሰጠኝ አፌን አምኖ ነው። እኔ ካለፍኩ በኋላ ግን የኔ ነውር ብቻ ይሆናል፤ የኔን ነውር ያን ጊዜ መጻፍ ትችያለሽ።»

ማክሰኞ ዕለት ሁለት ገጼን ይዤ መምህር ፊት ቆምኩ። ሦስቱን አስተያየት አንብበው ንፍሮው ላይ ፈገግ አሉ። ገልብጠው ባዶውን አዩት። ከታች አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አራተኛዋ ነግረውኛል፤ አልጽፈውም።»

አራተኛዋ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። አማና ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ልጅነታቸውን በሰው አገር ያሳለፉ፣ የዘገየ ሰው ሆድ የሚገባቸው። እስክሪብቷቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ፊልሙን ወድጄዋለሁ ብለዋል ብለሽ ጻፊ። አንዲት መስመር ናት። ማን ያያታል?»

እስክሪብቶውን ያዝኩት። ሰባተኛ ክፍል ኮሪደሩ ማዶ ነበር፤ የልጆቹ የንባብ ድምፅ ይሰማኛል፣ አንዱ ከሌላው እየቀደመ። ሦስት ቃል ነው የሚፈለገው። እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አላሉም፣ መምህር።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «እንግዲያ ለሚቀጥለው ዓመት» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

በመንገድ ላይ አላለቀስኩም። ንፋሱ አቧራ ያነሳ ነበር፣ የሻርፔን ጫፍ ነክሼ ሄድኩ። እትዬ ፈተናው እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ከበደኝ» አልኳቸው። በዚያ ነገር ውስጥ የተናገርኩት ውሸት እሱ ብቻ ነው። ተቆጡኝ። ሰነፍ አሉኝ። ያ ሁሉ ከሰዓት ለዚህ ነው ወይ አሉኝ። ቀጥለው ግን ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የብርሃኑን መንገድ ሳልመለከት፣ «ሂጂ፣ ረፈደብሽ» ይሉኝ ነበር። በዓመቱ ሌላ ነገር ጽፌ አለፍኩ፤ ስለ ውሃ ቦቴ ጠብ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንደኛዋ ልጅ የመጀመሪያ ቀን አስተማሪ መስያት ተነሳችልኝ።

ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ ሚኒት እይዛለሁ። ያልተባለ አልጽፍም፤ ለዚህ ነው የማይወዱኝም፣ የማያባርሩኝም። መምህር ያጠፉልኝን ወረቀት አላስቀመጥኩትም፤ የሆነ ቤት ስቀይር ጠፋ። የእትዬን ቃል ግን በየጊዜው በልቤ እለው ነበር፣ እንዳይጎድል።

እትዬ ባለፈው ረመዳን አለፉ። ኢንና ሊላሂ። ያጠቧቸውን ሴቶች ምንም አልጠየቅኋቸውም። የዚያች የሌላዋ ሟች ልጆች ሀገር ቤት ገብተዋል፤ ትልቋን በስልክ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «ጻፊው» አለችኝ።

አራተኛዋ ተመልካች እንዲህ አሉ፦

«ጓደኛዬ ነበረች። ረጅም ናት፤ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል። ሃያ ዓመት ቀሚስ ሰፋሁላት፣ ሃያ ዓመት አሳጠርሽብኝ አለችኝ። አላሳጠርኩም፤ ልታናድደኝ ነው። የሞተች ቀን ከፈኗን ራሴ ለክቼ ቆረጥኩ። ስዘረጋው እግሯ ጋ አልደረሰም። አንድ ስንዝር ቀረው። አብራኝ ያለችው ውሃ ልታመጣ ወጥታለች። ብቻዬን ነኝ፣ እሷ ተኝታለች፣ «አሳጠርሽብኝ» ስትል ድምጿንም ሰማሁት። ሳቅሁ። ጀናዛ ፊት ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ጨርቅ ቆርጬ አለበስኳት። እንግዲህ ፊልሙ ጥሩ ነው። የፊልሙ ሴትዮ ግን አጠረች፤ እሷን አታክልም።»